ፊቱን ያዞረው ያዕቆብ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለወይዘሮ ሠርካዲስ፤ ኢየሩሳሌም።

እንደምን ሰንብተሻል? ከተለያየንበት ከዚያ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ጤናሽ እንደምን አለ? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት በቅድስቲቱ አገር ደረጃና ዳገት ባሰበት ወይስ እሱም እንደ ሰዉ ሁሉ ስደት ሲወጣ ትዕቢቱ በረደ? ባለቤትሽ አቶ ሀብተሥላሴ እንደምን ናቸው? ሳሉስ ተዋቸው? ልጅሽ ትርፌስ እንዴት ናት? በዐረብኛ መቆጣት ጀምራለች ብለሽ የጻፍሽው ቤቱን ሁሉ አስቆታል፤ እናታችን ግን አልሳቀችም፤ “ማን አስቆጥቷት ነው?” እያለች እስኪመሽ ስትጠይቀኝ ዋለች።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ዘመን ላለው ነገር ሌላ ቃል ገና ስላልተበጀለት በአሮጌው እንጠቀማለን። እኔ ከመሥሪያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ለሰው አቤቱታ እየጻፍሁ እኖራለሁ። አቤቱታውን የሚያነብ ሰው መኖሩን እስካሁን አላረጋገጥሁም፤ የሚያጽፍ ሰው ግን ሞልቷል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ በከር ነው፤ ተክለ ሃይማኖት ግድም ጨው የሚነግደው የአባታችን ወዳጅ ልጅ። ጣሊያኖቹ ወደ መካ የሚሄደውን ምእመን በመርከብ እያሳፈሩ ነውና እሱም ሐጁን ከፈጸመ በኋላ በኢየሩሳሌም በኩል ዞሮ ሊሰግድ አስቧል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ቱቦ ይሰጥሻል። ለመክፈት እንደምትቸኩዪ አውቃለሁ። አትክፈቺው። መጀመሪያ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ መጨረሻው ላይ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳታውቂ ከፍተሽ ለዚያ ለመጽሐፍ ሻጩ ያሳየሽው እንደ ሆነ የማይመለስ ነገር ይደርሳል።

ውስጡ ያለው የታናሽ ወንድማችን የተሰማ ሥዕል ነው። ሁለት ጊዜ “ላክልኝ፥ እዚህ ይሻለዋል” ብለሽ ጽፈሽልኝ ሁለቱንም ጊዜ አይሆንም ያልሁሽ ሥዕል። አሁን ለምን እሺ እንዳልሁ፥ ይልቁንም ማን እሺ እንዳሰኘኝ ልንገርሽ።

ተሰማ ትምህርቱን ጨርሶ ከፈረንሳይ አገር የገባ ለት አንቺም ነበርሽ። ሣጥኑ ሲከፈት ሰዓት ይወጣል፥ ጫማ ይወጣል፥ ቢያንስ አንድ ጃንጥላ አይጠፋም ብሎ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ የወጣው መጽሐፍ ነው፤ ከመጽሐፉ በታች ደግሞ ይህ ሥዕል። “በድንጋይ የተሠራ ነው” አለን ደስ እያለው። ሠዓሊው በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ስብ ባለው ጠመኔ ይሥላል፤ ድንጋዩ ቀለም ይጠጣና ወረቀት ይታተምበታል፤ ለቀዩ አንድ ድንጋይ፥ ለሰማያዊው ሌላ፥ ለጥቁሩ ሌላ። አርባ ወረቀት ከታተመ በኋላ ድንጋዩ ይፋቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይደግመውም። ይህን ሁሉ እንደ ቅኔ ተማሪ እያጣጣመ ሲነግረን እናታችን የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ታዲያ ድንጋዩን አታመጣም ነበር? እህል ይፈጭበት ነበር” አለችው።

ሥዕሉ እንደምታስታውሺው ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል ነው። መልአኩ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ሰማያዊ ጀርባና አንድ የተዘረጋ ክንፍ አለው እንጂ ፊት የለውም። ያዕቆብ ገላው ቀይ አፈር ይመስላል፤ መልአኩን ወገቡ ላይ አንቆ ይዞ ፊቱን ወደ ግራ አዙሯል። አፍንጫውም አገጩም በጎን ነው የሚታየው። ዓይኖቹ ግን ሁለቱም በዚያው በሚታየው ጉንጩ ላይ ናቸው፤ አንዱ ካንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፥ ሁለቱም እኛን እያዩ። ተሰማ “አዲሱ አሣሣል ነው፤ ሠዓሊው ሰውን ባንድ ጊዜ በሁሉም በኩል ያየዋል” አለ። እናታችን “እንዲያ የሚያይስ እግዜር ነው” ብላ ተነሥታ ወጣች።

ነገሩን ያከፋው የፊቱ መዞር ነው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየነው አንድ ሥርዓት ነው፤ ጻድቁ በሙሉ ፊቱ፥ በሁለት ዓይኑ ያይሻል፤ ይሁዳና ሰይጣን፥ የሄሮድስም ወታደሮች በጎናቸው፥ በአንድ ዓይን። በጎኑ የተሣለ ሰው ቤት ውስጥ አይሰቀልም። ተሰማ ደግሞ አላወርድም አለ። ስለዚህ እናታችን ከመርከብ የወረደበትን ነጭ የፈረንጅ ሸሚዝ ከጀርባው ቀድዳ ለሥዕሉ መጋረጃ አደረገችለት፤ “እንዲህ ያለውን ያመጣ ሰው መጋረጃውንም ይቻል” ብላ። ጠርዙን የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ተሰማ ቆሞ እያየ “ይኸው እኔም ግድግዳ ላይ ወጣሁ” ብሎ መሳቁ ትዝ ይልሽ ይሆናል። ለእኔ በየቀኑ ትዝ ይለኛል።

ሥዕሉን በኋላ ያዳነው ያ መጋረጃ ነው። የየካቲቱን ነገር ደግሜ አልጽፍልሽም፤ የገዳሙ አባቶች በማለዳ መጥተው መርዶውን እንዳረዱሽ፥ በወጉ እንዳለቀስሽም ሰምቻለሁ። እኔ በነዚያ ቀናት ወደ ቤት መመለስ አቅቶኝ በበከር ሱቅ ውስጥ ከጨው ጆንያ ጀርባ ነበርሁ። ባለቤቴ ቦሰናም ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ነበረች። ቤት የነበሩት እናታችንና ተሰማ ብቻ ናቸው። ፈረንጅ አገር የተማረውን እየለቀሙ ሲመጡ እሱንም ወሰዱት። መጻሕፍቱን ግቢ ውስጥ አቃጠሉ፤ ፎቶግራፉንም አብረው። ሥዕሉ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተሸፍኖ ስለ ነበር ማንም መጋረጃውን አልገለጠም። መቃብሩን አናውቅም፤ መልኩን የምናይበት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረንም። ከልጁ የቀረን ይህ በእጁ ያመጣው ወረቀትና የተቀደደ ሸሚዙ ነው።

እናታችን ያን ቀን ያየችውን እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ አልተናገረችም። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች “አልዞረልኝም” አለች። ማን ብዬ ልጠይቅ ስል ገባኝ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሲወስዱት ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም። ያየችው በጎኑ ነው፤ አንድ ጉንጩን፥ አንድ ዓይኑን። “ልጄ እንደ ይሁዳ በጎኑ ሄደብኝ” አለች። ይህን ስትል ምስሩን መልቀም አላቋረጠችም።

ከዚያ ወዲያ ጥፋቱን ሁሉ በሥዕሉ ላይ ጫነችው። በጎኑ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ልጇን በጎኑ ወሰደባት። አንድ ጊዜ ስለ አርባው ቅጂ ትዝ ብሏት “ሌሎቹስ የት ናቸው?” አለችኝ። በየፈረንጁ ቤት ተሰቅለዋል አልኋት። “እንግዲያ እነሱ ቤት ሰው ጠፍቶ እንደ ሆነ ጠይቅልኝ” አለች። ለሠላሳ ዘጠኝ የማላውቃቸው ቤተሰቦች፥ ይህን ሥዕል ከገዛችሁ ወዲህ ልጃችሁ በደኅና ይገባል ወይ ብዬ የምጽፍበት ፈረንሳይኛ ማንም ስላላስተማረኝ ሳልጠይቅላት ቀረሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚህ መካከል ነው። ከጀርመን አገር ተሰድዶ መጥቶ እናንተ ሰፈር መጽሐፍ የሚሸጠው ሰው ስለ ሥዕሉ ስትነግሪው ከወንበሩ ብድግ አለ ብለሽ ነበር። በአገሩ እንዲህ ያለውን ሥዕል እያወረዱ መሆኑንም ነገረሽ። ከዚያ ያዘዘውን ሁሉ ጻፍሽልኝ፤ ፀሐይ አያግኘው፥ ጢስ አያግኘው፥ እርጥበት አይንካው፥ ግድግዳ አይንካው፥ ሙጫ አይንካው፥ እጅ አይንካው። እኅቴ፥ እነዚህ ሁሉ ሳያገኙት ልደታ ላይ የሚኖር ፍጡር ቢኖር እኔም ሄጄ እሱ ዘንድ እጠጋ ነበር። ቢሆንም የታዘዝሁትን ሞከርሁ። ከግድግዳው አላቅቄ ከጀርባው ንጹሕ ወረቀትና ሳንቃ አደረግሁለት። ክረምት ላይ ጣራው በትክክል ከያዕቆብ ራስ በላይ ማፍሰስ ሲጀምር ሥዕሉን በእኔ ቦታ አኑሬ አልጋዬን እሱ ቦታ አደረግሁ። ቦሰና “ሥዕሉን ሳል አይዘውም፤ አንተን ግን ይይዝሃል” አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ያዘኝ። ቀለሙ ግን ጠብታ አልነካውም። ከታች በኩል ብቻ፥ ከመልአኩ እግር ሥር፥ ብል የጥፍር ያህል በልቶለታል።

መጽሐፍ ሻጩ ሰውዬሽ ጨምሮ፥ ወረቀቱ እድፍ ቢኖርበት በውኃ አጥቤ ከድንጋዩ በወጣበት ቀን እንደ ነበረ አድርጌ እመልሰዋለሁ ብሎሻል። ይህችን ነገር በልብሽ ያዥልኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አንድ የጣሊያን መኮንን ቤት ለቤት እየዞረ መጣ። ቤቶቻችንን ሊያፈርሱ ይሁን ሊቈጥሩ የነገረን የለም። ወደ ውስጥ ዘልቆ መጋረጃውን በዱላው ጫፍ ገለጠው። እኔ ከጀርባው ቆሜያለሁ፤ ቢወድደው ይወስደዋል፥ ቢጠላው ይቀድደዋል፤ ሦስተኛ መንገድ አልታየኝም ነበር። ብዙ ተመለከተውና ሳቀ። አስተርጓሚው ከኤርትራ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኔን ሳያይ፥ “የእናንተ ሠዓሊዎች ገና ፊት መሣል አልተማሩም፤ ሁለቱንም ዓይን ባንድ በኩል አደረጉት፤ እኛ እናስተምራችኋለን ይላል” አለኝ። እኔም እጅ ነሥቼ “እናመሰግናለን በልልኝ” አልሁ። ከልቤ ነው ያመሰገንሁት። የፈረንጅ ሥራ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ዛሬ በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገኝ እግዜር ይወቀው። ስለ አላዋቂነታችን ደጅ ድረስ ሸኘሁት።

እናታችን ግን ሳቁን ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፥ “ያው፥ ፈረንጁም ሳቀበት፤ ነውር ያለበት ነገር ነው። ወይ አዋቂ ይየው ወይ ይቃጠል” አለች። ዓይኗ በዚያን ጊዜ ሞራው እየወፈረ ነበር፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ሆኗል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፤ አለቃ ገብረጊዮርጊስ መጥተው ይፍረዱ፤ ክፉ ነው ካሉ ያኑ ለት ምድጃ ይገባል። ቃሌን ሰጠኋት። ቃሌን ስሰጥ አለቃ ደግፈውኝ እንደሚፈርዱልኝ ተስፋ ነበረኝ እንዳልልሽ፥ ጠባያቸውን ታውቂዋለሽ።

አለቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ፥ የራሳቸውን እጅ ለማድነቅም የማይሰንፉ ሰው ናቸው። ከጌጃ ሰፈር በበቅሎ መጡ፤ መንገዱ ለእግረኛ እንኳ አጭር መሆኑን ታውቂያለሽ። መጋረጃውን እንድገልጥ አዘዙና ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀመጡ።

“ማን ነው ይህ?” አሉ። ያዕቆብ ነው አልኋቸው። “ያዕቆብ ‘እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አየሁ’ ያለው ሰው ነው። ይህ ሰውዬ ታዲያ ፊቱን ወዴት አዙሮ ነው ፊት ለፊት የሚያየው?” አሉ። “ፈረንጅ ሥርዓት አያውቅም” ብለው ቀጠሉ፤ “ይህን የሣለው ሰው ዓይን መቍጠር እንኳ አልተማረም።” መኮንኑ ትዝ ብሎኝ ሳቄን በሳል አስመሰልሁት። ጣሊያኑ ጥፋቱን ለእኛ ሰጠ፥ አለቃ ለፈረንጅ ሰጡ፤ ያዕቆብ በመካከል አገር አልባ ሆኖ ቀረ።

የመጨረሻ ስንቄን አወጣሁና “በድንጋይ ላይ የተሠራ ነው እኮ” አልሁ። አለቃ ቀና አሉ። “በድንጋይ?” አዎ፥ ለየቀለሙ ድንጋይ ድንጋይ አለው አልኋቸው። “ሕጉም የተጻፈው በድንጋይ ነው” አሉና ኩታቸውን አስተካክለው እንደገና ከመጀመሪያው ማየት ጀመሩ። እንዳይነኩት ስለ ለመንኋቸው ጣታቸውን አየር ላይ አንሥተው “አንድ፤ ሁለት” አሉ። ደግመው “አንድ፤ ሁለት” አሉ። በመጨረሻ ወደ እናታችን ዞረው፥ “ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፥ ነገሩ አስቸገረኝ። በጎኑ ነው እንዳልል ሁለት ዓይን አለው። በሙሉ ፊቱ ነው እንዳልል ዞሯል። ከጻድቃንም ከኃጥአንም የምመድብበት ቦታ የለኝም። ብትፈቅዱ ቀለሜን ይዤ መጥቼ ፊቱን ወዲህ እመልስላችኋለሁ። ለመልአኩም ፊት እሠራለታለሁ፤ እንዲህ ሆኖስ ያሳዝናል” አሉ። እግዜር ይስጥልን፥ እንዳለ ይሁን አልሁ። “እኔ ላሳምረው ብዬ ነው” አሉ ቅር ብሏቸው።

እናታችን ይህን ሁሉ ስትሰማ መሬት መሬቱን እያየች ነበር። “አለቃ፥ ምን አሉኝ?” አለች። “ዞሯል ወይስ ያያል?”

“ዞሯል። ግን ያያል።”

“በየትኛው ዓይኑ?”

“በሁለቱም።”

ተነሣች። ከሩቅ አይታያትምና አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ተጠጋች። ይህ ሥዕል ቤታችን ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ትክ ብላ አይታው አታውቅም፤ ያን ለት ነው የመጀመሪያዋ፤ ማየት በተሳናት ጊዜ። ብዙ ቆየች።

“የያዙት ሰዎች መልክ ጠፍቶኛል” አለች። “ጀርባቸው ብቻ ነው ያለኝ።” ደግሞም፥ “ቢዞር ኖሮ እሮጥ ነበር። ብሮጥ እዚያው ይመቱኝ ነበር። አውቆ ነው ያልዞረው። እያየኝ ነበር ለካ፤ በማላየው በኩል” አለች።

አለቃ ፍርዳቸውን ሳይሰጡ በቅሏቸው ላይ ወጡ። ተሰማ ስለዚያ አዲስ አሣሣል በሕይወቱ ሳለ ስንት ቀን ሙሉ አስረድቶኝ፥ እኔም አዋቂ ለመምሰል ራሴን ስነቀንቅለት፥ አንድም ነገር አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕሉን ከእሳት ማዳን ቀረና ከእናታችን ማዳን መጣ። ጠዋት ስትነሣና ማታ ስትተኛ መጋረጃውን ገልጣ ትስመዋለች። በጣቷ ጫፍ ዳስሳ የታችኛውን ዓይን ስታገኝ ከሥሩ ትስማለች። ራሷን ቅቤ ስለምትቀባ ግንባሯም አብሮ ያርፍበታል። ደብዳቤሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት፤ ሰውዬሽ እጅ አይንካው ብሏል እንጂ ስለ ከንፈር ያለው ነገር የለም። መስተዋት አስገባሁበት። አንድ ቀን ሳመችና “ቀዘቀዘኝ” አለች፤ በማግሥቱ መስተዋቱን አወጣሁት። የመስኮቱን ፀሐይ፥ የጓዳውን ጢስ፥ የክረምቱን ውኃ ከልክያለሁ፤ እናትን ከልጇ የምከለክልበት ዘዴ ግን በላክሽልኝ ትእዛዝ ውስጥ አልተጻፈም። ቀስ በቀስ ከዓይኑ ሥር ቀዩ ቀለም ሳሳ፤ ወረቀቱም ቅባት ጠጥቶ ጠቆር አለ።

አሁን ወደ በከር ልመለስ። በዚህ ወር መጀመሪያ ሊሰናበተን መጣ። ለሱ መጋረጃው እንደ ሁልጊዜው ወርዶ ነበር። እናታችን ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው፤ እሱም ጨዋታ ለመያዝ ያህል ያ የተሸፈነው የየትኛው ቅዱስ እንደ ሆነ ጠየቃት። ያዕቆብ ነው አለችው።

“ያዕቆብ? በልጁ ሐዘን ዓይኑ የነጣው?” አለ።

እናታችን ወደ ድምፁ ዞረች። “ምን ሆነ አልህ፥ ልጄ?”

“በእኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል፥ እማማ። ልጁ ዩሱፍ፥ እናንተ ዮሴፍ የምትሉት፥ የጠፋበት ጊዜ አልቅሶ አልቅሶ ዓይኑ ነጣ። በኋላ የልጁን ሸሚዝ አምጥተው ፊቱ ላይ ቢጥሉለት በራለት።”

“የልጁን ሸሚዝ” አለች እናታችን።

በከር መጋረጃው ከምን እንደ ተቀደደ አያውቅም ነበር። ቦሰና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ያስቀየመ መስሎት ጨው ስለ መወደዱ ማውራት ጀመረ።

በማግሥቱ እናታችን ጠራችኝ። “ሥዕሉን ለሠርካዲስ ላክላት” አለች። “እኔ ሲሄድ አይቼዋለሁ። አዝላ ያሳደገችው ልጅ ሲሄድ እሷ አላየችም። ለእሷም ይዙርላት። መጋረጃው ግን ለእኔ ይቅር።” ይከፋሻል፥ ጠዋት ተነሥተሽ ስታጪው ምን ትሆኛለሽ አልኋት። “እኔ እንደ ሆንሁ አላየውም፤ በአፌ ነው የማገኘው። ለሚያይ ሰው ይሁን” አለችና ነገሩን ዘጋች። እንግዲህ እሺ ያሰኘኝ መጽሐፍ ሻጩ አይደለም፤ ይህ ነው።

በከርም “እኔ ሥዕል አልይዝም፤ ቱቦ ግን እይዛለሁ። ውስጡ ያለውን አትንገረኝ” አለ። አልነገርሁትም። እሱም ሳይጠይቅ ከሻንጣው መካከል፥ በሐጅ ከሚለብሰው ከነጩ የኢሕራም ልብሱ ጋር አጥብቆ አደረገው።

ስለዚህ አሁን እንዴት እንደምትከፍቺው ስሚኝ። ቱቦውን የሠራው የጌጃ ሰፈር ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ከቤንዚን ጣሳ ስለ ሆነ ጠርዙ እጅ ይቈርጣል፥ ተጠንቀቂ። ወረቀቱ በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ፈትተሽ ወዲያው አትዘርጊው፤ አንድ ቀን እንደ ተጠቀለለ ይረፍ፥ የአገሩን አየር ይልመድ። ከዚያ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለሽ ዘርጊው። ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀዪው። ይህን ሁሉ ሰውዬሽ ከእኔ የበለጠ ያውቃልና በዚህ በዚህ ስሚው።

በአንዱ ነገር ግን አትስሚው። ይህ ነው ልመናዬ። ከታችኛው ዓይን ሥር ቀዩ ቀለም ሳስቶ የቅባት እድፍ ታያለሽ። እርጥበት አይደለም። ብልም አይደለም። የእናታችን ከንፈርና ግንባር ነው። ሰውዬው ሲያየው ፊቱ ይጨልማል፤ አጥቤ ልመልሰው ይልሻል። ይችልበታል፥ አልጠራጠረውም፤ ሥራውን የሚወድ ሰው መሆኑንም ከደብዳቤሽ አይቻለሁ። ከድንጋዩ እንደ ወጣ የሆነውን ከወደደ ግን ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኙ አሉለት፤ እነሱን ይፈልግ። ይህኛው እንዳይታጠብ። ለተሰማ ሐውልት አላቆምንለትም፤ ያለችው ምልክት ያቺ እድፍ ናት።

ሰውዬው ዘወር ሲልልሽ አንቺም ከዚያችው ቦታ አንድ ጊዜ ሳሚው። የተከለከለው እጅ ነው።

እንግዲህ ሰላምታ ልበል። ለአቶ ሀብተሥላሴ ከነሳላቸው ሰላም በይልኝ፤ ለዘመኑ ጉንፋን ዝንጅብል እንጂ ንዴት አይረዳም በያቸው። ትርፌን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ ማን እንዳስቆጣሽ አሁንም ትጠይቃለች በያት። ቦሰና እጅ ትነሣሻለች፤ የሰም ጨርቁን የነከረችው እሷ ናት፥ ጣቷም ስለ ተቃጠለ ምስጋናሽን አትርሺባት። ልጆቹ ሁሉ ሰላም ይሉሻል። ጎረቤታችን ወለተሰንበት፥ ከዮርዳኖስ ውኃ ትንሽ ቢገኝ ለጉልበቷ ትላለች፤ የአንቺን ጉልበት እንዳልጠቀመ ነግሬያታለሁ፥ አላመነችኝም።

እናታችን በብዙ ሰላም ትልሻለች። ይህን ስጽፍልሽ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ እሷ ከሥሩ ሸሚዙን ፊቷ ላይ ጥላ ጋደም ብላለች። ቀስ ብዬ በራልሽ ወይ አልኋት። “ተወኝ፥ ገና ነው” አለችኝ።

ወንድምሽ ወልደ ሚካኤል

ልደታ፥ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.